ዱቄት ነበር

ሥራዬ ሊጥ ማቡካት ነው። የምሠራበት ዳቦ ቤት ነቀምቴ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ነው፤ ከፊቱ የመሸጫ መስኮት፣ ከኋላው ማቡኪያ ማሽንና ትልቅ የመጋገሪያ ምድጃ አለው። ባለቤቱ አባታቸው ከሸዋ መጥተው እሳቸው እዚሁ የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ባሌ ሞቶ ከትንሽ ልጄ ጋር ስቀር ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያደረጉትን ስታነቡ ከመጀመሪያው ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ ብዬ ነው።

ከእኔ ጋር ሁለት ሰዎች ይሠራሉ። አንዱ ጋጋሪው ነው፤ ብዙ ልጆች ያሉት፣ ከሰው ጋር መጋጨት የማይወድ ዝምተኛ። ሌላዋ መስኮቱ ላይ ዳቦ የምትሸጠው ሴት ናት። ጉቶ ጊዳ ገጠር ተወልዳ ያደገች፣ በጸሎት ቤቷ የምትዘምር፣ ምላሷ ላይ ማር የሌላት ሴት። ደንበኛ መጥቶ «ትኩስ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «አይደለም፣ የትናንት ነው» ትለዋለች። ጋሼ በዚህ ስንት ጊዜ ተናደውባታል። እኔ ግን እወዳት ነበር። ኦሮምኛዬ ከአፍ መፍቻዬ እኩል ስለሆነ ከእሷ ጋር የማወራው በእሱ ነበር፤ ጎጃሜው አባቴ የማይችለውን ቋንቋ እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ነው የለመድኩት።

ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቴን በየቀኑ እወስዳለሁ። ሆስፒታል የምትከታተለኝ ነርስ በደሜ ያለው መጠን በምርመራ የማይታይ እስኪሆን መውረዱን ነግራኛለች። ልጄ ነፃ ናት። ሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሊጥ ለማቡካት የሚያስፈልግ ወሬ አልመሰለኝም።

አንድ ጠዋት ጋሼ ደስ ብሏቸው ገቡ። አንድ ሆቴል በቋሚነት ዳቦ ሊወስድ ተስማምቷል፤ ነገር ግን ሠራተኞቹ በሙሉ ጤና መመርመራቸውን ማወቅ ይፈልጋል።

«ነገ ሁላችሁም ክሊኒክ ትሄዳላችሁ» አሉ። «ሳንባ፣ ታይፎይድ፣ ሆድ ዕቃ፤ ኤች አይ ቪም ይጨመር ብያለሁ፤ አንዴ ከሆነ አይቀር።»

«ጋሼ» አልኩ፣ «ሌላውን እመረመራለሁ። ኤች አይ ቪን ግን አሠሪ ተመርመሩ ብሎ ማዘዝ አይችልም። ሕጉ አይፈቅድም።»

ሻጯ ከመስኮቱ ዞር ብላ ሳቀች። «ከሌለብሽ ምን አስፈራሽ?» አለችኝ።

ክፋት አስባ አልነበረም፤ እንደ ልማዷ በአፏ የመጣላትን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ያን ቀን ማድበስበስ አስጠላኝ። «አለብኝ» አልኳት። «ቢኖርብኝም አልፈራሁም። የማይገባ ትእዛዝ ስለሆነ ነው እምቢ ያልኩት።»

ጋጋሪው የምድጃውን በር እንደከፈተ ቆመ። ሻጯ አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ሽርጧን ፈታችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔ ከእሷ ጋር አልሠራም» አለች። «እፈራለሁ። ከፈለጉ እኔን ያሰናብቱኝ።»

ጋሼ ማናችንንም አላሰናበቱም። ወደ ጓዳ ጠርተው በለሰለሰ ድምፅ፣ ለጊዜው ሊጡን ትቼ የመጋገሪያ ቆርቆሮ እንዳጥብ ነገሩኝ። ለጊዜው የተባለው ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቆርቆሮውም ዳቦ ስለሚነካ ግቢ እንድጠርግ ተባልኩ። የምጠጣበት ኩባያ ከሌሎቹ ተለይቶ ውጭ የውኃ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም። መጥረጊያውን ይዤ ግቢ ስቆም በመስኮቱ በኩል የሚያልፈው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ ምናልባትም ያየኝ ነበር፤ ነቀምቴ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ለወሬ ትንሽ ናት።

በመጨረሻ ጋሼ እንደገና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ሲዘጋ ዱቄት የለም። ዱቄት ከሌለ ሠራተኛ መቀነስ አለብኝ። ቤትሽ ሆነሽ ዕረፊ፤ ጤናሽንም ተንከባከቢ።»

«አልታመምኩም እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሲሻሻል እጠራሻለሁ።»

ዓይኔን አላዩም። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን በጋሪ የገባውን ዱቄት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግቢውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

እህቴ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው ኡኬ ከተማ፣ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። ያን ጊዜ ልጄን ይዤ እሷ ጋ ሄድኩ። ስነግራት እንባዋ መጣ፤ ወዲያው ግን ወደ ሐሳቧ ገባች።

«እዚሁ ኑሪ» አለች። «ቤት ውስጥ ዳቦ እየጋገርሽ በሱቄ እንሸጣለን። ማንም አያውቅሽም።»

«ሙያዬን ተደብቄ ልሥራው ትያለሽ? እከሳቸዋለሁ እንጂ።»

«ብትከሺ ስምሽ በከተማው ይዞራል።»

«ዞሯል እኮ። የቀረ ሰው ካለ ከእኔው ይስማ።»

ለምን እንዲህ ቆርጬ እንደተነሳሁ ራሴም እስከ ዛሬ በደንብ መግለጽ አልችልም። ዱቄት ስለጠፋ ቢያስወጡኝ ኖሮ ኡኬ እቀር ነበር። የውሸቱ ልስላሴ ነው ያንገበገበኝ። ልጄን እህቴ ጋ ትቼ በማግስቱ በሚኒባስ ተመለስኩ።

የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያገኘሁት ሰውዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ነው። «አካም ጂርቱ፣ አዴ» ብሎ በኦሮምኛ በአክብሮት ሰላም አለኝና ወንበር ሳበልኝ። ሁሉንም ሰምቶ ጋሼን አስጠራቸው። ጋሼ መጡ፣ በትሕትና ተቀመጡ፣ የዱቄቱን ነገር ደገሙት። ሰውዬው ሊያስታርቀን ሞከረ፤ አልሆነም። ጋሼ ሲወጡ ወደ እኔ ዞሮ እውነቱን ነገረኝ።

«ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። ነገር ግን እሳቸው ዱቄት ጠፋ ይላሉ፣ አንቺ በበሽታዬ ነው ትያለሽ። ምስክር አለሽ?»

ምስክር ፍለጋ እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ጋጋሪው ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩ ላይ በደንብ ተቀበለችኝ፤ እሱ ግን መሬት መሬት እያየ፣ «ልጆቼን ታውቂያቸዋለሽ፤ ከዚህ ሥራ ብባረር የት እገባለሁ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ከዚያ ዱቄት ወደሚያራግፈው ሰው ሄድኩ፤ እሱም ምንም አላየሁም አለኝ። አጠገባችን ሻይ የምትሸጠው ሴት ደግሞ አቅፋኝ አለቀሰች። «እግዚአብሔር ያውቃል» አለችኝ። እሷም ግን የምትቆምበት ደጃፍ የጋሼ ስለሆነ መመስከር አትችልም። ያዘነልኝ ሰው ብዙ ነበር። አብሮኝ ፍርድ ቤት የሚገባ ግን ጠፋ።

ሻጯን አልጠየቅኳትም። ምን ብዬ?

ስለዚህ ያለ ሰው ምስክር ክስ መሠረትኩ። የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ ክሱን በኦሮምኛ እንዳዘጋጅ ረዳኝ። በቀጠሮው ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ገብቼ ስቀመጥ ጋሼ ከጠበቃቸው ጋር ማዶ ተቀምጠዋል። ምስክሮቻቸው ጋጋሪውና ሻጯ ናቸው። አንዱ ስለሚፈራ፣ ሌላዋ ስለምትጠላኝ፣ ነገሩ ያበቃለት መሰለኝ። ቢሆንም ተነስቼ ልውጣ አላልኩም። እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ እኔ የሚባለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ልሰማ ቆርጬ ነበር።

ጋጋሪው መጀመሪያ ገባ። ዱቄት አጥሮ ነበር አለ። ድምፁ ስለማይሰማ ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ፤ ላቡ ይሸተኝ ነበር።

ቀጥሎ ሻጯ ገባች። እጇን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አድርጋ ማለች። ጠበቃው ቆመ።

«በዚያ ወቅት ዳቦ ቤቱ ዱቄት አጥቶ ሠራተኛ ለመቀነስ እንደተገደደ ታውቂያለሽ?»

«ዳኩን ቱሬ» አለች። ዱቄት ነበር።

ጠበቃው ያልሰማች መስሎት ጥያቄውን ቀየረ። «እጥረት ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

«እጥረት ከዚያ በፊት ነበር። እሷ ስትወጣ ዱቄት ነበር። በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ሲያቦካ ነው የሰነበተው።»

ጠበቃው ጥያቄዬን ጨርሻለሁ ብሎ ተቀመጠ። ዳኛዋ ግን አልለቀቋትም። «ታዲያ ለምን ወጣች?» አሏት።

«እኔ ነኝ ከእሷ ጋር አልሠራም ያልኩት» አለች ሻጯ። «በሽታው አለብኝ ስላለች ፈራሁ። ጋሼ ከሊጥ አነሷት፣ ከዚያ አስወጧት።»

«አሁንስ ትፈሪያለሽ?»

«አዎ፣ እፈራለሁ። ግን ዱቄት ነበር ወይ ተብዬ ከተጠየቅሁ ዱቄት ነበር።»

እኔ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን አንድ ስም ልሰጠው አልችልም። ሰው ሁሉ እየሰማ እፈራታለሁ ስትል ፊቴ ነደደ። በዚያው አፏ ደግሞ ፍርዴን ሰጠችኝ። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ነበር።

ውጭ ስንወጣ ተከተልኳት። «ገለቶሚ» አልኳት፤ አመሰግናለሁ።

«አታመስግኚኝ» አለች ሳትቆም። «ለአንቺ ብዬ አይደለም። ምዬ እንዴት ልዋሽ?»

«ብመለስ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ?»

ቆመች። «እሱን ገና አላውቅም» አለችኝና ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ወሰነ። በተመለስኩበት ቀን ጋሼ በሩ ላይ ተቀብለው «ልጄ፣ ለጊዜው እቃ ቤቱን ብትይዢልኝ?» አሉኝ።

«የተመለስኩት ወደ ሊጡ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ ፀጉሬን ሸፈንኩ፣ ማሽኑ ጋ ሄድኩ። ጋጋሪው አንድ ከረጢት ዱቄት ተሸክሞ አጠገቤ አወረደልኝ። ውጭ የነበረውን ኩባያዬንም ራሴ አንስቼ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት።

ከዚያ የሆስፒታሏን ነርስ ለመንኳትና አንድ ከሰዓት ዳቦ ቤት መጣች። ጋሼም ተቀምጠው ሰሙ። የሻጯ ጥያቄ አያልቅም ነበር። «እጇ ተቆርጦ ደም ሊጡ ውስጥ ቢገባስ?» አለች።

ነርሷ ቫይረሱ በምግብ እንደማይተላለፍ፣ ምድጃ ውስጥም እንደማይተርፍ አስረዳቻት።

እኔም ጨመርኩ፤ «ደም የገባበት ሊጥማ ይደፋል። ያንቺም ደም ቢሆን ይደፋል።»

ጋጋሪው ሳቀ። ሻጯ አልሳቀችም፤ ግን ራሷን ነቀነቀች።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ሆቴሉ ዳቦውን ሳይወስድ ቀረ፤ በእኔ ይሁን በዋጋ አላወቅንም። መምጣት የተዉ ደንበኞችም አሉ። ሻጯ ውኃ የምትጠጣው እስከ ዛሬ ከቤቷ በምታመጣው ኩባያ ነው፤ አያለሁ፣ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን ግን አንድ ሰውዬ መስኮቱ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ ያቦካችው ያቺ ሴትዮ ናት?» ሲላት ሰማሁ።

«አዎ፣ እሷ ናት» አለችው። «ከኋላህ ሰው አለ፤ ትወስዳለህ ወይስ ልለፍህ?»

ወሰደ።

ጋሼ ይቅርታ ብለውኝ አያውቁም። እኔም አልጠበቅሁም። ልጄ ከኡኬ ተመልሳ ትምህርቷን ቀጥላለች።

በቅርቡ እዚሁ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ ወጣት ሴት ስለ እኔ ሰምታ እቤቴ መጣች። እሷንም አሠሪዎቿ ቫይረሱ እንዳለባት ሲያውቁ «ለጊዜው ዕረፊ» ብለዋታል። ስታወራ ሻሿን ወደ ፊቷ እየሳበች ነበር።

«ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ስገባ ሰው ቢያየኝስ?» አለችኝ።

«ያይሻል» አልኳት። «እኔ ከፊት እገባለሁ፣ አንቺ ተከተይኝ።»

ለነገ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።