በምላጭ የተለቀሙ ከዋክብት

ይህ የጋላክሲ ጉዳይ በጠቅላላው የፈጀብኝ ግማሽ ኩንታል ስኳር፣ አንድ የበር ማጠፊያ፣ ሁለት ጥቅል ፊልምና አንድ ወንድም ነው። ስኳሩን፣ ማጠፊያውንና ፊልሙን ነጋዴ ነኝና እችለዋለሁ።

ጊዜው ደርግ ለጦርነት ወጣት የሚያፍስበት ነበር። ቀበሌው ኮታ ይመጣለታል፤ ኮታው እስኪሞላ ከገበያም ከኳስ ሜዳም ያፍሳል። ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ወረታ ሱቄ ውስጥ አቡጀዲ ይለካልኝ ነበር። ቁመቱ ከመንገድ ማዶ ይታያል። እንዲህ ያለ ዕቃ ፊት ለፊት አይዘረጋም፣ ጓዳ ነው የሚቀመጠው። እኔም ፎገራ ሜዳ ውስጥ፣ እህል የሚያቀርቡልኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ ወሰድኩት። ሩዛቸው ሊደርስ ነው፤ ቀን ወፍ፣ ማታ ከጣና የሚወጣውን ጉማሬ የሚጠብቅላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር።

«ወንጭፍ ያውቃል?» አሉኝ።

«አያውቅም። መጽሐፍ ግን ደህና አድርጎ ያነባል።»

«እንግዲያ ለጉማሬው ያንብብለታ!» ብለው ስቀው ማማው ላይ አወጡት።

ከቀበሌው ይልቅ የፈራሁት መሰልቸቱን ነው። ሳምንት ሳይሞላው ወደ ከተማ ልመለስ እያለ ያስቸግረኝ ጀመር። ከተማ ከገባ ደግሞ ማን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። አንድ ምሽት ስንቅ ይዤለት ብሄድ ማማው ላይ ተጋድሞ ወደ ላይ ይጠቁመኛል።

«አያ፣ እዚያ ጋ የጉም ቁራጭ የምትመስል ነገር ትታይሃለች?»

«የሰው ቤት ጭስ ይሆናል።»

«ጭስ ቢሆን ይሄድ ነበር። ይቺ ማታ ማታ እዚያው ናት። ጋላክሲ ናት፣ ሌላ የከዋክብት አገር። ይሄ የምናየው ብርሃን ከዚያ ሲነሣ እዚህ ምድር ላይ ሰው የሚባል አልነበረም።»

«ታዲያ ይሄን ያህል መንገድ መጥቶ ሳይበላሽ ደረሰ?»

ሳቀ። እዚያ ከገባ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ዋጋውን ተናገረ፤ ፎቶዋን እንዲያነሣ ከረዳሁት፣ ሩዙ እስኪታጨድ ከማማው ላይነቃነቅ ቃል ይገባል። ርካሽ መሰለኝ። ተስማማሁ።

ካሜራው የሩሲያ ነው፤ ሻይ በጨው መጠጣት ከሰለቸው አንድ መኮንን በስኳር ለወጥኩት። ካሜራው ላይ የሚገጠመው ማቅረቢያ መነጽር ሐሙሲት ገበያ ውራጅ ከሚሸጥ ሰው የገዛሁት፣ መንገድ ቀያሾች የጣሉት የተሰበረ መሣሪያ ዓይን ነው። ቱቦው የዱቄት ወተት ጣሳዎች፣ ጫፍ ለጫፍ ተበይደው። ሰማይ ስለሚዞር ካሜራው አብሮ ካልዞረ ኮከቡ ሁሉ ክር ሆኖ ይወጣል አለኝ። ለዚህ ብሎ ሁለት ጣውላ ከሱቄ በወሰደው ማጠፊያ አጋጠመና በመካከላቸው ብሎን አስገባ። ማጠፊያውን በጣራ ገዳም ተራራ በኩል ዝቅ ብላ ወደምትታየው የሰሜን ኮከብ ያነጣጥርና ብሎኑን በጣቱ ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ያዞራል። ማማው በትንፋሽም ስለሚነቃነቅ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከታች፣ እርጥቡ መረሬ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ነው። እኔ ጉማሬ እንዳይጠጋው ጣሳ እደበድባለሁ።

«አያ ተው፣ ይንቀጠቀጣል!»

«ቢረግጥህስ?»

«ካነሣሁ በኋላ ይርገጠኝ።»

ፊልሙን ባሕር ዳር የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወደ ሰማይ ቱቦ የቀሰረ ሰው ሰላይ ለመባል ሌላ ማስረጃ የማያስፈልግበት ጊዜ ስለነበር፣ በዚያው ፊልም ከጋላክሲዋ በፊት ባለቤቴንና ልጆቼን አስነሥቻለሁ። ፎቶ ቤቱ በሙሽራ ፎቶ የታወቀ ነው። ባለቤቱ ፊልሙ ላይ በእርሳስና በምላጭ ይሠራል፤ ብጉር ያለባት ሙሽራ ከእሱ ቤት ወጥታ አታውቅም። «የቤተሰብ ነው፤ አደራ፣ አሳምረው» ብዬ ሰጠሁት።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ፎቶው ላይ ባለቤቴ የግንባሯ ጠባሳ ጠፍቶ አሥር ዓመት ቀንሳለች። ከሥር አራት ፎቶዎች አሉ። ጥቁር።

«እነዚህስ?»

«ጋሼ፣ የገደሉኝስ እነዚህ ናቸው!» አለኝ በኩራት። «ፊልሙ ሁለመናው ነጠብጣብ ነበር። አንድ በአንድ በምላጭ ለቅሜ አወጣሁልዎት። መሐሉ ላይ ደግሞ በቅባት እጅ የነኩት የመሰለ እድፍ አለ፤ እሱን ስፍቅ ዓይኔ ሊጠፋ! አሁን ይዩት፣ እንደ ከሰል ጥርት ብሏል።»

ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ምላጩ ያላለፈበት ቦታ የለም። ምን ልበለው? ሰውየው ሥራውን ሠርቷል፣ ያውም ጥሩ አድርጎ። ለድካሙ የጠየቀኝን ጭማሪ ከፈልኩ።

ወንድሜ ፎቶዎቹን ተቀብሎ ፊልሙን ለፀሐይ ይዞ አየው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እሷንም?»

«እሷንማ በተለይ።»

«ሌላ ፊልም አምጣልኝ» አለ። «ሲያጥብ እኔው ራሴ አጠገቡ እቆማለሁ።»

«መንገዱ ላይ ሐሙሲት ኬላ አለ፤ ወጣት እያወረዱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

አመጣሁለት። ሒሳቤ እንዲህ ነበር፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ይቀመጣል፣ እስኪያልቅ ሩዙ ይታጨዳል፣ እስከዚያ የቀበሌው ኮታ ይሞላል። እሱ ግን በጥቂት ምሽት ጨረሰውና ለማንም ሳይናገር ጎህ ሲቀድ ወጣ። ገበሬው ሱቄ ድረስ መጥተው «ማማው ባዶ ነው» ሲሉኝ የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ከወረታ ከተነሣ ቆይቷል።

ከሰዓት በኋላ የአውቶቡሱ ረዳት ገባና የተተረተረ ፊልም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ሐሙሲት ላይ ወጣቶቹን በሙሉ አወረዷቸው። የአንተው፣ ሳይታጠብ ብርሃን ካየ ይጠፋል እያለ እንዳይዘረጉት ሲለምን ነበር። እነሱ ምን ደብቆ ነው ብለው ለፀሐይ ዘርግተው አዩት። ባዶ ነው ብለው ጣሉት፣ እኔ አነሣሁት።»

በማግስቱ ማለዳ የቀረኝን ስኳር ጭኜ ሐሙሲት ደረስኩ። መኪኖቹ ወደ ጦር ማሠልጠኛው ሄደዋል። ኬላው ላይ የነበረው ሰው ስኳሩን ትክ ብሎ አይቶ፣ «ትናንት ብትመጣ ጥሩ ነበር» አለኝ።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ከሰሜን የሚመጣው ወታደር በጎንደር መንገድ በሱቄ ደጅ አለፈ። ቁመተ ረጅም የሆነውን ሁሉ ፊቱን አየሁት። አንዳንዶቹ ውሃ ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ገቢ፣ አራት ጥቁር ፎቶ። ጋላክሲ፣ የለም። ወንድሜ አልተመለሰም።