ፕላስተር የለበሱት ቁልፎች

ሥራ የገባሁ ቀን ጋሽ ወልዴ መጀመሪያ ያዩት ፊቴን ሳይሆን ጥፍሬን ነው። «ሂጂ ቆርጠሽው ነይ፤ በዚህ ጥፍር ታይፕ አይመታም» አሉኝ። ኮልፌ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ማመልከቻ የሚጻፍባት አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ባለጉዳይ ይናገራል፣ እሳቸው ያሰናዳሉ፣ እኔ እመታለሁ። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ወረቀት መዝገብ ቤቱ ስለማይቀበል፣ አንድ ፊደል ከሳትኩ ሦስቱንም ቅጂ ከነካርቦኑ አውጥቼ እንደገና ነው።

ጋሽ ወልዴ ደግ ሰው ነበሩ። አንድ አመል ግን ነበረባቸው። ምሳ ስወጣ ወንበሬ ላይ ይቀመጡና በአንድ ጣት ስማቸውን ይመታሉ። ስመለስ የፊደል ዘንጎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው አገኛቸዋለሁ። «ምንም አልነካሁም» ይላሉ፣ ጣታቸው ቀለም በቀለም ሆኖ።

ከስድስት ዓመት በኋላ የታይፕ መኪናዋ ተሰበረች። እሳቸውም ሌላ አሮጌ መኪና ገዝተው መጡ። አቤት ጉዴ! የፊደሉ አቀማመጥ በሙሉ ሌላ ነው። በለመድኩበት ስመታ ያላሰብኩት ይወጣል። ይባስ ብሎ በቁልፎቹ ላይ የነበሩት ፊደሎች በሰው ጣት ተፍቀው አልቀዋል።

በዚያው ሳምንት ዘነበች የምትባል ልጅ ቀጠሩ። ታይፕ ትምህርት ቤት የተማረችው በዚሁ አቀማመጥ ነው። «ያለኝ ወንበር አንድ ነው» አሉን። «በሁለት ሳምንት እፈትናችኋለሁ። ንጹሕ ወረቀት ያወጣች ትቀመጥበታለች።»

እናቴና ሁለት ወንድሞቼ የሚበሉት ከዚያ ወንበር ነው። ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ ደግሞ ንዴቱ ባሰኝ።

ከሱቅ የቁስል ፕላስተር ገዛሁና ቆራርጬ፣ ፊደል ጽፌ፣ በየቁልፉ ላይ ለጠፍኩ። ዘነበች አይታ ሳቀች። «ውይ ቁልፎቹ! ማን አቆሰላቸው?»

ካርቶን ላይ ቁልፎቹን ሥዬ ቤት ተለማመድኩ። ፌርማታ ስቆም ቦርሳዬን እመታለሁ። እሑድ ሳንሱሲ፣ አንድ የእምነት ወንድማችን ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጉልበቴን ስመታ አንዲት እናት እጄ ሲንቀጠቀጥ አዩ። «መንፈስ ነው! ጸልዩላት!» አሉ። ሁሉም እጁን ጫነብኝ። ታይፕ እየተለማመድኩ ነው ብዬ እንዴት ልናገር? «አሜን» አልኩና ከቆምኩበት ፊደል ቀጠልኩ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አንዲት ባለጉዳይ የይግባኝ ማመልከቻ ለማስመታት በራፉ ላይ ይጠብቃሉ፤ ጋሽ ወልዴ እሱን ያነቡልናል፣ እኛ በየተራ እንመታለን። ዘነበች ቀደመች። እጇ ፈጣን ነው፤ ግን ቸኮለችና ሁለት ቦታ ሳተች።

ተራዬ ሆነ። ተቀምጬ ቁልፎቹን አየሁ። ፕላስተሮቹ ቦታ ተቀያይረዋል! ዘነበች ጣሪያውን ታያለች። እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰረቅ እያደረግሁ አያቸው ነበር። አሁን ካየሁ ጠፋሁ። «ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ ጋሽ ወልዴ። ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተከልኩና መታሁ። ወረቀቱን ሳወጣው አንድም ስርዝ የለውም።

ጋሽ ወልዴ ደስ አላቸው። ገፋ አድርገውኝ ተቀመጡና ፕላስተሩን እያዩ ስማቸውን መቱ። የወጣው ምንም ቋንቋ አይደለም።

«ምንድን ነው ይሄ? ማነው የነካካው?»

ዘነበች ፊቷ አመድ መሰለ።

«የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ታዲያ አንቺ ምን አይተሽ ጻፍሽ?»

«ምንም አላየሁም።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ተነሡ። ወንበሩ ለእኔ ሆነ። ዘነበች ስትወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ባትቀያይሪያቸው ኖሮ ዛሬም አጎንብሼ አያቸው ነበር» አልኳት። ከልቤ ነው። እሷም ብዙ ሳትቆይ አየር ጤና አካባቢ ሥራ አገኘች።

አዲስ አቀማመጥ የምትማሩ ልጆች፣ ቁልፉን ማየት በቶሎ ተዉ። ፕላስተሮቹን ግን አልነቀልኳቸውም፤ እንደተቀያየሩ ተውኳቸው። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ወልዴ መኪናዬን ነክተው አያውቁም።