ሙት ወቃሹ ጥሩምባ ነፊ

ልጅ ሳለሁ ከየካ ሚካኤል በላይ ዳገቱ ላይ እንኖር ነበር፤ አያቴም የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ያኔ መብራት የማይጠፋበት ምሽት ስላልነበረ፣ በከሰሉ ፍም ዙሪያ ሰብስበውን ተረት ይነግሩን ነበር። ተረታቸው ሁሉ ስለ ሙታን ነው፤ ካልፈራን ደስ አይላቸውም። ከሁሉም ያባነነኝ የአንድ ሹም ተረት ነው። ሹሙ ደግነቱ ብቻ ተወርቶለት ተቀበረ፤ ከዚያ የተደበቀለትን ክፋት የሚያወራለት ሰው ፍለጋ ከባሕር ዛፉ መሀል እየወጣ በየደጁ ይቆማል። አያንኳኳም፣ አይናገርም፣ ይቆማል ብቻ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ለሽንት እንኳ ብቻዬን አልወጣም ነበር።

አንድ ቀን ንጋት ላይ የቀድሞው የቀበሌ ሊቀ መንበር አቶ በየነ ሞቱ። ለሰፈሩ ውሃ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። በዚያ ክፉ ዘመን አጎቴን ከቤት አስወጥተው የወሰዱትም እሳቸው ናቸው፤ የት እንደ ወደቀ ግን አያቴ ስንት ጊዜ ደጅ ቢጠኑም አልነገሯቸውም። እናቴ የአያቴን ጋቢ ይዛ ሙት ወቃሽ እንዳይሆኑ፣ ስም ብቻ ጠርተው እንዲመለሱ ለመነቻቸው። ጥሩምባቸውን አንስተው ወጡ። ዳገቱን ጉም ውጦት ነበር፤ እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ።

ከሟቹ ደጅ ቆመው ነፉ። ከዚያ በዚያው በዘወትር ድምፃቸው ተናገሩ።

«ውሃ ያስገቡልን፣ ልጄን ወስደው ያስቀሩብኝ አቶ በየነ አርፈዋል። ቀብር ስድስት ሰዓት ነው። ነፍስ ይማር።»

ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች እጃቸው ገመዱ ላይ ቀረ። ያ የተረቱ ሹም አሁን ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል ብዬ ከአያቴ ጋቢ ኋላ ተሸሸግሁ። በሩ ሲከፈት የወጡት ግን የሟቹ ሚስት ነበሩ፤ አያቴን ሊሰድቧቸው ነው ስል፣ ቀስ ብለው ቀርበው አንገታቸውን ደፉ።

«ጋሼ፣ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። እርስዎ ዝም ቢሉ እኔም ዝም ልል ነበር። ልጅዎ ያለው ከምንጩ በላይ፣ ሦስቱ ባሕር ዛፎች ሥር ነው።»

አያቴ ጥሩምባቸውን እንደያዙ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ዛሬ አንድ ትልቅ ሰው በሞተ ቁጥር፣ ግማሹ ሲያለቅስለት ግማሹ ሲራገመው በስልኬ አያለሁ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚናገር እምብዛም አላገኝም፤ እኔም ብሆን ድፍረቱ የለኝም። «ነፍስ ይማር» ብቻ ጽፌ ላልፍ ስል ግን ያ የሦስቱ ባሕር ዛፎች ሥር ትዝ ይለኛል። እኛ የሰፈሩ ልጆች ምንም ሳናውቅ በየቅዳሜው እየሳቅን ጭራሮ የምንለቅመው እዚያ ነበር።