ሐጂ ያልነኩት ፒን

«ሐጂ፣ ምን ነካክተው ነው ያቃጠሏት?» አልኳቸው ዛሬ፣ ልብስ ሊያሰፉ በመጡ አራት ሰዎች ፊት።

«ወላሂ፣ ጫፏን አልነካሁም» አሉ ሽማግሌው፣ መቀሳቸውን አስቀምጠው።

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለው ሱቃቸው ጓሮ የውሃ ታንከር አላቸው። ውሃ ሲመጣ እንድትጮህ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ገጥሜላቸው ነበር። ዛሬ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዝም አለች።

ፈታኋት። ውሃ መምጣቱን የሚነግራትን ሴንሰር በባትሪ ነበር ያሰራሁት። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሯ ትተኛለች፤ ሴንሰሩ ግን አይተኛም፣ ገና ባልነቃችው ኮምፒውተር ፒን፣ ሽቦው በሚገባባት እግሯ ላይ ኃይል ይለቃል። ፒኑ ተቃጥሏል።

መሀል ላይ ኃይሉን የምትገታ አንዲት ሬዚስተር ባስገባ ይተርፍ ነበር። «ምን ያደርጋል» ብዬ የተውኳት ደግሞ እኔው፣ ኢንጂነሩ ነኝ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«እኛ እንኳ መብራት እንደመጣ ፍሪጅ አንሰካም፣ እስኪረጋ እንጠብቃለን» አሉኝ ሳይቆጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስወነጅላቸው አራት ሰው ሰምቷል። ይቅርታዬን የሰማ የለም።

እናንተስ፣ በራሳችሁ ጥፋት ማንን ተቆጥታችሁ ታውቃላችሁ? ብቻዬን እንዳላፍር ጻፉልኝ።

ሐጂ ፌስቡክ የላቸውም። ነገ ሱቁ ሰው እስኪሞላ ጠብቄ እገባለሁ።