የእህቴ ተራ

ወንድማችን ሲሞት አንድ ሲዲ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሲዲ ተወልን። ለሁለት አይቆረጥ ነገር! እኔ ቢቸና፣ ታናሽ እህቴ ሞጣ ስለምንኖር በተራ እንዲሆን እኔው ፈረድኩ፤ ከመስቀል እስከ ፋሲካ እኔ ጋ፣ ከፋሲካ እስከ መስቀል እሷ ጋ።

ዕቃው አሮጌ ነው። ክዳኑን ስነካው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ሲዲውን ጫን ሳደርገው ቀጭ ይላል። ዘፈኑ ሳይጀምር ውስጡ ሲሽከረከር ይሰማኛል፤ ያችን ጥቂት ጊዜ ከዘፈኑ እኩል እወዳታለሁ። የልጅ ልጆቼ በስልክ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ይዘላሉ። እኔ የተጀመረውን እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

አንድ ዓመት ቀኑን ብቆጥር የእኔ ተራ በሁለት ወር ያህል በለጠ። ስበላት ኖሬያለሁ ብዬ ሞጣ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

«እትዬ፣ ሁዳዴን በሙሉ ዘፈን አትከፍቺ! ከድነሽው ለምትከርሚው ደግሞ ልትክሺኝ ነው?»

ቆጠርኩት። እውነቷን ነበር።

ዘንድሮ በጥር እህቴ ሞተች። ማጫወቻው እኔ ጋ ነበር፤ በሐዘኑም በጾሙም ሳልከፍተው ከረምኩ። የፋሲካ ማግስት በፎጣ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ ለልጇ ወሰድኩላት።

«አክስቴ፣ ምን አደከመዎት? እኔ ሁሉም ስልኬ ላይ አለኝ። እርስዎ ጋ ይሁን።»

«ተራው የእናትሽ ነው።»

«እማዬ እኮ የለችም።»

«ስለሌለች ድርሻዋን ልብላው?»

ተቀብላ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው፤ ሶኬት አልሰካችም። «አንዴ እንኳ ክፈቺው» ልላት አፌ ድረስ መጣ። ግን በራሷ ተራ መስማትም አለመስማትም የእሷ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ልጄ ደውሎ ሌላ ልግዛልሽ አለኝ። እምቢ አልኩት። በእህቴ ተራ ዝም ያለ ቤት ውስጥ መቀመጥ ለእኔ አዲስ አይደለም። ድሮ ግን አመሻሽ ላይ ከሞጣ ትደውልና፣ «እትዬ፣ ዛሬ የትኛውን እንደሰማሁ እወቂ እስቲ!» ትለኝ ነበር። እኔም ሆን ብዬ እሳሳት ነበር፣ ስልኩን ቶሎ እንዳትዘጋው።