ላሜራ የጫንንበት ታፔላ

ታፔላ ሰቃይ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲው ውጤት አልመጣልኝ ሲል ቡልጋሪያ አካባቢ ያለ አንድ የማስታወቂያ ቤት ስቲከር ቆራጭ ሆኜ ገባሁ፤ ቁጭ ብዬ መዋል ስለማልችል ቀስ በቀስ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች ያሉኝ ነበሩ። መሰላሉን ይዛችሁ ቁሙ አልኳቸው፣ በቃ። ይህን የምለው፣ ስለ ነፋስ ማውራቴ ከፍታ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ ነው።

ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ላይ የሰቀልነው ታፔላ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ዓይነት አይደለም። የሕንፃው የጎን ግድግዳ የሚያልቅበት ማዕዘን ላይ ተይዞ፣ ግድግዳው የቀጠለ ይመስል ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደተከፈተ በር። የያዙት ከጣሪያው ጠርዝ የተዘረጉ ሁለት የብረት ክንዶች ናቸው። ለዓመታት ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ከሥሩ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥላውን ይወደዋል።

ከዚያ ከሕንፃው ጎን የነበሩት ቤቶች ፈረሱ። እነማን ወዴት እንደሄዱ ሌላ ሰው ያውራ፤ እኔ የማወራው ስለ ነፋሱ ነው። እነዚያ ቤቶች ከነአጥራቸው ከነባሕር ዛፋቸው ለካ ነፋሱን ሰባብረው ነበር የሚያሳልፉልን። ቦታው ሜዳ ሆኖ በቆርቆሮ ሲታጠር፣ ነፋሱ የጎን ግድግዳውን ታክኮ ሰተት ብሎ እየመጣ ታፔላችንን ያልፍ ጀመር። የሕንፃው ሰዎች ደወሉ። ሲጢጥ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሥራ መሥራት አልቻለም አሉ። ደግሞ የታደሰውን ምድር ቤታቸውን ሊያስመርቁ ነው።

አለቃዬ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ማሰብ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ያደጉት እዚሁ ቂርቆስ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር አባታቸው ጣሪያ ላይ ድንጋይ ሲጭኑ እያዩ። አሮጌ ጎማ፣ ብሎኬት፣ የተሰበረ ወንበር፣ የተገኘው ሁሉ ይወጣል። የዚህን ከተማ ጣሪያዎች ከላይ ሆኖ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ግማሹ ዕቃ ቤት ነው። እኛ ዘንድ የነፋስ መድኃኒቱ ክብደት ነው። እና ጋሼ ላሜራ ጫኑበት አሉ። የቱ ጋ ስንላቸው ተገረሙ። የሚንቀጠቀጠው ጫፉ አይደል፣ ጫፉ ላይ ነዋ።

በያጃችን ከላንቻ የሚመጣ እኩያዬ ነው፤ ሳይቀልድ ብሎን አያጠብቅም። ወፍራም ላሜራ ቆረጠ፣ ይዘን ወጣን፣ ወደ መንገዱ ያለው ዳር ላይ አሰርነው። መታ መታ አደረገውና «የጋሼ አባት ቢያዩት ይመርቁን ነበር» አለ።

ለጥቂት ቀን ጸጥ አለ። ጸጥ ያለው ግን ነፋስ ስላልነበረ ነው። አንድ ከሰዓት በዚያ ሳልፍ ቀና አልኩ። ነፋሱ ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ አጥሩ ሥር የወደቀውን ፌስታል እንኳ አላነሳም። ታፔላው ግን ይሄዳል። ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ እየተወዛወዘ ደግሞ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ ለነፋሱ ሌላ ፊት ይሰጠዋል፣ ነፋሱም ያን ፊት ይገፋል፤ ሲመለስ በወዲያኛው በኩል ይቀበለዋል። ከወራት በፊት ከዝናብ ጋር የመጣ አውሎ ነፋስ በጥፊ መትቶት ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ታፔላው ንቅንቅ ብሎ ቆመ፣ አለቀ። ይሄኛው አይመታም። ያባብላል። ማለቴ፣ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው ትንሽ ይበልጣል፣ ከዚያ ነፋሱ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይጀምራል።

ለጋሼ ስነግራቸው ላሜራው አንሶ ነው፣ እንጨምርበታለን አሉ።

የሕንፃው ኢንጂነር ለሌላ ሥራ ሱቃችን ሲመጣ ለብቻው ያዝኩት። ወጣት ነው፣ ዝምተኛ። ያየሁትን ስነግረው አልሳቀብኝም። ከቁርጥራጭ ማስቀመጫው ጠንከር ያለ ፕላስቲክ አንሥቶ ከላይና ከታች በላስቲክ ወጥሮ ከወንበር እግር ጋር አሰረውና ቬንትሌተሩን በጠርዙ በኩል አዞረበት። ከዚያ የታተመ ነገር የምንሰቅልበትን የልብስ መቆንጠጫ ነፋሱ ከሚመጣበት ዳር ቆነጠጠው፣ ቬንትሌተሩን ቁጥር አንድ ላይ አደረገ። ፕላስቲኩ ሳይነቃነቅ ቆመ። መቆንጠጫውን ነፋሱ ወደሚወጣበት ዳር አዛወረው። ቬንትሌተሩ ያው ቁጥር አንድ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ ግን እንደታነቀ ዶሮ መንፈራገጥ ያዘ።

«ድንጋይ ጣሪያን የሚያረጋው ጣሪያው ስለተኛ ነው» አለኝ። «የእናንተ ታፔላ ነፋስ ውስጥ ነው የቆመው። ነፋሱ በሚወጣበት ዳር፣ በመንገዱ በኩል፣ ክብደት ሲጨመር መወዛወዙና መጠማዘዙ ይገናኛሉ። ከተገናኙ እርስ በርስ ይቀላለባሉ።»

«በስንት ነፋስ ነው የሚገናኙት?»

«አላውቅም።»

ይህን በመናገሩ አከበርኩት። ብሎኖቹ ምን ያህል እንደላሉ አላውቅም አለ፣ የክንዶቹን ውስጥ ዝገት ምን ያህል እንደበላው አላውቅም፣ ያ ሜዳ ነፋሱን ምን እያደረገ እንደሚልከው ጭራሽ አላውቅም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ አለማወቄ ይባዛል። ላሜራውን ብናነሳውስ ብዬ ጠየቅኩት። ይሻላል፣ ግን ያለ ላሜራውም ይንቀጠቀጥ ነበር አለ። መለካት አለበት። ለመለካት ማስፈቀድ አለበት።

ጋሼ ጥግ ሆነው ሁሉንም ሰምተው ነበር። ኢንጂነሩ ሲወጣ ይወድቃል አላለም አይደል አሉኝ፣ አላውቅም ነው ያለው፤ ስለዚህ ምርቃቱ እስኪያልፍ አትንኩት፣ ደንበኛዬን አታሳጡኝ። እኔ ያንኑ ቃል ሰምቼ የተረዳሁት ተቃራኒውን ነው። ማናችንም ካላወቅን ይውረድ። ይህን ስላቸው ጣሪያ ላይ መውጣት አናትሽ ላይ ወጣብሽ አሉኝ።

ሁለት ሌሊት ሳላስብበት አላደርኩም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ከበያጁ ጋር እዚያው ሕንፃ ላይ መብራት ልናስተካክል ሄድን። ሰልፉ ሞልቷል። ታፔላው እየሄደ ነው፤ ውዝዋዜው ያን ቀን ካየሁት ሰፍቷል። ጋሼ ጋ ደወልኩ። መብራቱን ብቻ ሠርታችሁ ኑ ብለው ዘጉት።

ተራ አስከባሪው ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይጮሃል። ሰልፉን ወደ አጥሩ ዳር እንዲያዛውረው ነገርኩት።

«ምነው፣ የጥላ ልታስከፍይን ነው?»

«ታፔላው ሊወድቅ ይችላል።»

«መቼ?»

«አላውቅም።»

«እናት፣ እኔም ታክሲው መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ግን ሰው አሰልፋለሁ።»

ሰልፉ ሳቀ። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። እሺ አንተ እዚህ ሥሩ ቁም አልኩት፣ ከጎኔ፣ ቀና ብለህ እያየህ፤ ታክሲ እስኪመጣ። ቆመ። መጀመሪያ ለሰዉ እየጠቀሰ ነበር። ከዚያ መጥቀሱን ተወ። ነፋሱ እየጀመረ፣ እያረፈ፣ እየጀመረ ነው። ዓይኑን ሳያወርድ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨና ሰዉን በእጁ ወደ አጥሩ ይገፋ ጀመር። አንዲት እናት ነጠላቸውን አናታቸው ላይ እየጣሉ ከጥላ አውጥተሽ ለፀሐይ ሰጠሽን ብለው ተቆጡኝ።

«ፀሐይ አትወድቅብዎትም፣ እማማ» አልኳቸው።

ጣሪያ ላይ ስንወጣ በያጁ ቀልዱን ረስቶታል። ጋሼ ያባርሩናል አለ። አንተን አያባርሩህም፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩህ አልኩት። ገመዱን ሁለቱ ክንዶች ላይ አሰርን። ነፋሱ ሲያርፍ ጠብቀን አንድ ብሎን ፈታን፣ ሲያርፍ ጠብቀን ሌላ ብሎን። እጄን ክንዱ ላይ ሳሳርፍ ንዝረቱ እስከ ጥርሴ ይደርሳል። ተራ አስከባሪው ሁለት ወያላዎች ይዞ መጣ፤ እኔን እየሰደበ፣ ገመዱን እየሳበ። ታፔላው እየተፋቀ ወደ ጣሪያው ገባና ተኛ። ጸጥታው ያስደነግጣል።

ጋሼ ደረጃውን ሲጨርሱ ትንፋሽ አልነበራቸውም። ዘበኛው ደውሎላቸው ነው።

«ወደቀ?» አሉኝ።

«አልወደቀም።»

«ታዲያ ማን ፍቺው አለሽ?»

«ማንም።»

ጎንበስ ብለው ብሎኖቹን አንድ በአንድ አነሱ፤ መዳፋቸው ላይ አገላበጧቸው። እኔም ከጎናቸው ሆኜ አየሁ። ትንሽ ዝገት አላቸው። የተሰነጠቀ የለም፣ የተበላ የለም።

«እዪው። ደህና ነው። ገና ስንት ዓመት ይይዝ ነበር።»

«ይይዝ ይሆናል።»

«ይሆናል ካልሽ ለምን አወረድሽው?»

«ይሆናል ስለሆነ ነዋ፣ ጋሼ። ከሥሩ ሰው ይቆማል።»

ብሎኖቹን ኪሳቸው ከተቱና ነገ እንዳትመጪ አሉኝ።

በማግስቱ መጣሁ። ከሁሉ ቀድሜ መጥቼ ማሽኑን አበራሁ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ምን አልኩሽ አሉ፤ እንዳትመጪ ብለውኛል አልኩ፣ ወረቀቱን እየጎተትኩ። የሕንፃው ሰዎች ለምርቃታቸው ባነር ይፈልጋሉ፣ ባነሩን የሚያትም ሌላ ሰው ደግሞ የለም። ጃኬታቸውን ሰቅለው ተቀመጡ። ባነሩን ግድግዳው ላይ ወጥረን ለጠፍነው፣ ምድር ቤቱም ተመረቀ።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ አይወድቅም ነበር ይለኛል። ቡና የምታመጣልን ልጅ ሳትቀር። ብሎኖቹን ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረዋቸዋል፣ ለመጣ ሰው ሁሉ ያሳያሉ። ያሳዩ። ይወድቅ እንደነበር ማረጋገጫ የለኝም። አልፈልግምም፤ ማረጋገጫው የት ላይ ያርፍ እንደነበር አይቻለሁ፣ እማማ ወደ ፀሐይ ሳይወጡ በፊት የቆሙበት ነው።

ታፔላው ሱቃችን በር ላይ ተጋድሟል። የገባም የወጣም ይደናቀፍበታል። ጋሼ በየሳምንቱ መልሰሽ ስቀይው ይሉኛል። ኢንጂነሩ ለክቶ ቁጥሩን ያምጣልኝና ያን ቀን እሰቅለዋለሁ፣ እላቸዋለሁ፤ እስከዚያ ዘለው ይለፉት።