ብልቃጡን የሚነቀንቀው ሰው

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ከማደያችን ጀርባ ባለው ቀይ አፈር ላይ ያርፍና ያቺን ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ አውሮፕላን እስከ መኪኖቹ ቤንዚን መቅጃ ድረስ እየነዳ ያመጣታል። ከብት የጫኑ ሹፌሮች እየተነጫነጩ መንገድ ይለቁለታል። የአውሮፕላን ቤንዚን ከብሪስቤን ከተማ በበርሜል እስኪደርስ ዋጋው እጥፍ ስለሚሆን ማንም አይገረምበትም።

ባርኔጣው በላብ ወይቧል፤ የሸሚዙ እጅጌ ቤንዚን ሲነካው ኖሮ ነጥቷል። ከመቅዳቱ በፊት ከኪሱ ብልቃጥ ያወጣል። ጥቂት ውሃ ያደርግና ልኩን በጥፍሩ ይይዛል፤ ከላዩ ቤንዚን ጨምሮ ይነቀንቃል። ውሃው ከልኩ ከፍ ካለ ቤንዚኑ አልኮል ተቀላቅሎበታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ የአሮጌ አውሮፕላን ቱቦ ይበላል፣ ሞተር አየር ላይ ያጠፋል። ከፍ ባይልም አያምንም፤ ደፍቶ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ባለፈው ሐሙስ ባለማደያዋ ኖሪን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኧረ ጋሼ፣ መርዝ ነው እንዴ የምሸጥልህ? አልኮል ያለበት ያኛው መቅጃ ነው፤ ተጽፎበታል እኮ!»

«ሞተሩ አየር ላይ የጠፋብን ቀንም ተጽፎበት ነበር» አላት፣ ዓይኑን ከብልቃጡ ሳይነቅል። «ፀሐይ አደብዝዞት ነው እንጂ።»

ቀድቶ ሲጨርስ እየከበደው አውሮፕላኗ ላይ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበትን የቀኙን ወንበር ቀበቶ ጠበቅ አድርጎ አሰረ፤ ሳብ ሳብ አድርጎም ሞከረው። የራሱን ሳያስር አውሮፕላኗን አስነሥቶ በረረ።